ራሱን የሚከፍተው የሙባረክ በር

በእኛ ሰፈር ሰው ወደ ሰው ቤት የሚገባው በሩ ስለ ተከፈተ አይደለም፤ ጠርቶ ስለ ተመለሰለት ነው። እንግዳው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ደጆች! ይግቡ!» የሚል ድምፅ እስኪመጣ ድረስ፣ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ እግሩን ከመድረኩ አያሳልፍም። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ያቀርባል፤ መልስ ካላገኘ ሳይቀየም ይመለሳል። በጥሪውና በመልሱ መካከል ባለችው አፍታ የቤቱ ሰው ልብሱን ያስተካክላል፣ የተዝረከረከውን ያነሣል፣ እንባ ካለበትም ይጠርጋል። የዚያችን አፍታ ዋጋ አርባ ዓመት ሳስተምር አላስተዋልሁትም ነበር። ያስተማረኝ የሙባረክ በር ነው።

ሙባረክ ብረት ሠራተኛ ነው። ቤቱ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእኔ ቤት ሦስት ቤት አልፎ ይገኛል። አጥር የለውም፤ ደጁ መንገዱ ራሱ ነው። የብየዳ ሱቁም ከመኖሪያው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። አባቱ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነበር። በዚያ ሰው ማረሻ መሬታቸውን የሚያርሱ ሰዎች «ቀጥቃጭ» እያሉ ይሰድቡት ነበር፤ ልጁም ከክፍሌ የኋላ ወንበር ተቀምጦ ያንኑ ቃል ከእኩዮቹ ይሰማ ነበር። እኔም ሰምቻለሁ። አለንጋዬ ለፊደል ግድፈት ፈጣን ነበረች፤ ለዚያ ቃል ግን አንድ ቀን እንኳ አልተነሣችም።

ሚስቱ ሰዓዲያ ትባላለች። ልጅ አልወለዱም። ሰዓዲያ በቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ሳቋ ከእህል ተራ ድረስ የሚሰማ ሴት ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጧት ከመኝታዋ ልትነሣ ስትል ግራ ጎኗ ከዳት። ሙባረክ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ከዚያም ሦስት ሳምንት ወንዛዬ ፍል ውኃ አስቀመጣት። ምላሷ ተፈታ፤ እጇና እግሯ ግን እንደ ታሰሩ ቀሩ። ከብስክሌት ጎማ ተሽከርካሪ ወንበር ሠራላት። በአንድ እጇ እየገፋች ከጓዳ እስከ በሩ ትደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን አታልፍም። በሩ ከአባቱ የወረሰው፣ ከዋንዛ ግንድ የተጠረበ፣ ጤነኛ ሰው እንኳ በትከሻው የሚገፋው በር ነበርና።

ስለዚህ ሰዓዲያ ከበሩ ኋላ ተቀምጣ የሚጠራትን መጠበቅ ልማድ አደረገች። ከሁሉ በፊት የምትመጣው ድንች ነጋዴዋ ጌጤ ነበረች። ጌጤ ባሏ የሞተባት ክርስቲያን ናት፤ ከሰዓዲያ ጋር በገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሃያ ዓመት ኖረዋል። ጧት ጧት ቅርጫቷን ተሸክማ ወደ ገበያ ስትወርድ ከዚያ በር ሳትቆም አታልፍም።

«ቤቶች!»

«ደጆች! ማን ልበል?»

«ጠላትሽ!»

«ጠላቴማ እንዲህ በጧት አይመጣም፤ ግቢ!»

ይህን በየቀኑ ይባባሉ ነበር። በየቀኑም አዲስ ነገር እንደ ሰሙ ይሥቁ ነበር። ጌጤ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ትገባለች፤ የገበያውን ወሬ፣ የሰውን ሠርግና ጠብ ታወራላታለች፤ ራሷን ታበጥርላታለች። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሰዓዲያ ግን በዚያ ሩብ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ትኖር ነበር።

አንድ እሑድ ሙባረክ ከሱቁ ሲመለስ ሰዓዲያ ጣቷን በበሩ ስንጥቅ ውስጥ አስገብታ አገኛት። ምን እንደምታደርግ ጠየቃት። «ፀሐይ እየነካሁ ነው» አለችው። «ሰው ካልከፈተልኝ አላያትም።»

በዚያው ሳምንት ብረት ሊገዛ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ከአንድ ትልቅ ሆቴል ፊት ሲያልፍ የመስተዋት በር ማንም ሳይነካው ወደ ጎን ተንሸራትቶ ተከፈተ። ሙባረክ ገባ፤ ወጣ፤ ደግሞ ገባ። ዘበኛው ታከተው።

«ወንድም፣ ትገባለህ ወይስ ትወጣለህ?»

«ቆይ እስቲ፣ በሩን እየጠየቅሁት ነው።»

«መልስ ሲሰጥህ ንገረኛ!»

መልሱን ለማግኘት አራት ወር ፈጀ። ሐዲዱን ከአንግል ብረት፣ መዝጊያውን ከቀጭን ላሜራና ብርሃን ከሚያሳልፍ ላስቲክ ሠራ። መንኰራኵሮቹ አሮጌ ኩሽኔታዎች ናቸው። የሚስበው ሞተር ከተገለበጠ መኪና የወጣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፤ የሚጎትተውም የብስክሌት ካቴና ነው። መብራት ሲጠፋ እንዳይቆም ጣራው ላይ ሶላር አኖረ፤ ከሥሩም ባትሪ አስቀመጠ። ሰው ሲቀርብ የሚያውቁ ሁለት ዓይኖችን ከባሕር ዳር አስመጣ፤ አንዱን ከውስጥ አንዱንም ከውጭ በየሁለት ብሎን አሰራቸው። በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ሰማያዊ መብራት አዞረ። የዋንዛውን በር ነቅሎ ከሱቁ ግድግዳ አስደገፈው።

አዲሱ በር የተገጠመ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊው ደምሴ እጁን አጣምሮ፣ «ጋፋት ዱሮ መድፍ ይፈስባት ነበር፤ ዛሬ በር ይሠለጥንባት ጀመር!» አለ።

«ከአንተ ይሻላል» አለው ሙባረክ፤ «የእኔ በር ሰው ሲመጣ ይነሣል።»

ሕዝቡ ሣቀ። ከዚያ ሰዓዲያ ከጓዳ ወጣች። በቀኝ እጇ ወንበሯን እየገፋች ወደ በሩ ቀረበች፤ በሩ ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። እሷም በሠራላት መወጣጫ ላይ ወርዳ ወንበሯን ፀሐይ ላይ አቆመች። ፊቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች። በኋላ፣ «ሙባረክ፣ ማንንም ሳላስቸግር ወጣሁ እኮ!» ብላ አለቀሰች። ጌጤ እልል አለች። እኔም ያን ቀን ዓይኔ አልደረቀም። ስለዚህ በሩ ክፉ ነበር የሚል ሰው ቢኖር ይህን ያላየ ሰው ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም በሆነ ነበር። እኔ ግን ሙባረክን ጠርቼ፣ በከተማው የፈጠራ ሥራዎች ዐውደ ርእይ ላይ እንዲወዳደር ገፋፋሁት። ማመልከቻውን በእጄ ጻፍሁለት። «አውቶማቲክ» የሚለውን ቃል ትቼ «ራስ ከፋች ተንሸራታች በር» ብዬ ሰየምሁት፤ በስያሜውም ኮራሁ። ሙባረክ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ከዚያም ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ምን ጎደለው?» አልሁት።

«ምንም አልጎደለው፣ መምህር። ቢያሸልመኝ… የምስክር ወረቀቱ ላይ የአባቴ ስም ይጻፋል?»

«ያለ አባት ስም የሚጻፍ የምስክር ወረቀት የለም።»

ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘው። ዐውደ ርእዩን ከሚያዘጋጀው ጽሕፈት ቤት ዓለምነው የሚባል ባለሙያ ማመልከቻውን ተቀብሎ፣ «ኮሚቴው ማክሰኞ በቦታው ተገኝቶ ያያል» አለን።

ማክሰኞ ከመድረሱ በፊት ዓርብ መጣ። በዚያ ዓርብ ጧት ሙባረክ ሚስቱን ሊያጥባት ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከምድጃው አጠገብ ሳፋ አስቀምጦ፣ ልብሷን እስከ ወገቧ አውልቆላት ነበር። ጌጤ እንደ ልማዷ ቅርጫቷን ተሸክማ መጣች። ሦስት እርምጃ ሲቀራት፣ «ቤቶች» ለማለት ገና አፏን ሳትከፍት በሩ ተንሸራትቶ ተከፈተ።

ሁለት መንገደኞች ከጌጤ ኋላ ያልፉ ነበር፤ አዩ። ሰዓዲያ የሚታዘዛት እጅ አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ እጅ ደግሞ ፊትና ገላ አይሸፈንም። ፊቷን ሸፈነች። ጌጤ ቅርጫቷ ከእጇ አመለጣት፤ ድንቹ እስከ መንገዱ ተበተነ። ዓይኗን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ድንጋይ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ያ በር ደግሞ ሰው ከፊቱ እስካለ ድረስ እንዳይዘጋ ሆኖ የተሠራ ነው። ጌጤ ከኀፍረት የተነሣ መንቀሳቀስ ስላቃታት በሩ ተከፍቶ ቆየ። «ዞር በይ! ዞር በይልኝ!» እያለ ሙባረክ ጮኸ፤ እሷ ግን ጩኸቱን እንጂ ትርጕሙን አልሰማችም። በመጨረሻ ድንቿን ሳትለቅም ሮጠች።

በማግሥቱ ጌጤ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። ወሬውም ተዛመተ። የሰፈሩ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ጨዋዎች ነበሩ። የሰውን ነውር ሳያስቡት እንዳይገልጡ ብለው በሙባረክ ደጅ ማለፍን ተዉ፤ በመንገዱ ማዶ፣ በቦዩ በኩል መሄድ ጀመሩ። እኔም በማዶ ሄድሁ። ሰዓዲያ ወጥታ ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ ከሩቅ እጅ የሚነሣት እንጂ አጠገቧ የሚቆም አጣች። ሰኔ ሲገባና የጉና ተራራ ብርድና ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መውጣቱም ቀረ።

አንድ ቀን ሙባረክ ጠርቶኝ ሄድሁ። በሩ ከፈተልኝ። ሰዓዲያ በወንበሯ ተቀምጣ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አጥብቃ አስራ ነበር። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ቀን ከሌት እንዲሁ ተሸፋፍና ትውላለች አለኝ ሙባረክ።

«መምህር፣ ይፍረዱን» አለችኝ። «የውስጡ ዓይን ይበቃኛል። የውጭውን አንሣልኝ አልሁት። ጌጤ ቆማ ትጥራኝ፤ እኔ ልመልስላት፤ ከዚያ እኔው ወደ በሩ ቀርቤ እከፍትላታለሁ። ሁለት ብሎን ነው።»

«ለዘለዓለም አላልሁሽም!» አለ ሙባረክ። «ኮሚቴው አይቶ ይሂድ። ሰው ሲመጣ ዐውቆ ካልተከፈተ ምኑ ፈጠራ ነው? እስከ ማክሰኞ ብቻ።»

«ማክሰኞ አልፏል።»

«ለሚቀጥለው ማክሰኞ አዛውረውታል።»

«እስከዚያ አጥፋው።»

«ካጠፋሁት ሁለቱም ዓይኖች ናቸው የሚጠፉት። መውጣት ልትተዪ ነው?»

«መውጣቱን ልተወው! ሰው ይምጣልኝ!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ፍርዱ ቀላል ነበር፤ የቤቱ ችግር ከኮሚቴው ቀጠሮ ይቀድማል ማለት ብቻ ነበረብኝ። እኔ ግን ማመልከቻውን አሰብሁ፤ ያወጣሁለትን ስምም አሰብሁ። «ልጄ፣ ጥቂት ታገሺ» አልኋት። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል።» ልጅ ላልወለደች ሴት ይህን መናገሬን ያስተዋልሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። እሷ ግን ወንበሯን አዙራ ወደ ጓዳ ሄደች።

ጌጤን በገበያ አግኝቼ ወቀስኋት። «ወዳጅነትሽ ይህን ያህል ነበር?»

ድንቿን መደርደሯን ሳታቆም፣ «አንቱ መምህር፣ እኔ ሳልጠራ የሰው ቤት አልገባም» አለችኝ። «በሩ ደግሞ ልጥራ ስለው አይጠብቀኝም። ገላዋን ለመንገደኛ የገለጥሁባት እኔ ነኝ። ዳግመኛ ከዚያ ቆሜ ባጋልጣት ምን ይዋጠኝ? የውጭውን ነገር ያንሡላትና በማግሥቱ ከደጇ ካላደርሁ ጌጤ አትበሉኝ።»

ለሙባረክ ነገርሁት። «ማክሰኞ» አለ።

ኮሚቴው አንድ ጊዜ በመኪና እጦት፣ ሌላ ጊዜ በስብሰባ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በዝናብ ምክንያት ቀረ። ዓለምነው ሁልጊዜ በትሕትና ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሁልጊዜም ሌላ ማክሰኞ ይሰጣል። ሐምሌ አለቀ።

በነሐሴ መጀመሪያ ሙባረክ ሱቁ ደጃፍ አግኝቶኝ እየሣቀ እንዲህ አለኝ፤ «መምህር፣ የሰዓዲያን ጉድ ልንገርዎ? ትናንት የጎረቤት ፍየል በበሩ ስታልፍ በሩ ተከፈተላት። ሰዓዲያ ከጓዳ ሆና ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ደጆች! ማን ልበል?› ፍየሏ ‹ጠላትሽ› ሳትላት ሄደች!» ሁለታችንም ሣቅን። በሚቀጥለው ቀን በንፋስ የተወሰደ ቅጠል ከፈተው አሉ፤ እሷም «ደጆች!» አለች። ሙባረክ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ እየበየደ በየቀኑ ይሰማት ነበር። በሩ ሲከፈት «ደጆች! ግቡ!» ትላለች፤ የሚገባ የለም፤ በሩ ይዘጋል። ጨዋታ መስሎት ነበር። እኔም ጨዋታ መስሎኝ ነበር። የሁለታችን ዕድሜ ቢደመር መቶ ሠላሳ ይሆናል።

በነሐሴ አጋማሽ ሰዓዲያን ብርድ መታት፤ ሳሉም ወደ ደረቷ ወረደ። ሐኪም ቤት ተኛች። ሙባረክ ሦስት ቀን ከአልጋዋ አልተለየም። በአራተኛው ቀን ጧት ትኵሳቷ ቀለል አለላት፤ ዓይኗንም ገለጠች።

«ቤት ስመለስ ጌጤ ትምጣ» አለችው። «በሩ ዝም ይበልልኝ።»

«እሺ።»

«ማክሰኞ እንዳትለኝ።»

«አልልሽም። አሁን ሄጄ አነሣዋለሁ።»

ሐኪሙም ተሽሏታል ስላለው ሙባረክ እየሮጠ ወደ ቤት መጣ። መፍቻውን ከሱቁ አወጣ። ውኃ ጠጥቶ ብርጭቆ የማስቀመጥ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም፤ ሁለቱ ብሎኖች ወጡ፤ የውጭው ዓይን ወረደ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጌጤ ቤት ሄዶ ከደጇ ቆመ።

«ቤቶች!»

«ደጆች! ማነው?»

«ሙባረክ ነኝ፣ እታለም። አነሣሁት። ሰዓዲያ ተሽሏታል፤ ስትመለስ ይምጡላት።»

ጌጤ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ተመስገን! እንግዲህስ እንቅልፍ አላስተኛትም!» አለች።

ሙባረክ ሐኪም ቤት ሲመለስ አልጋው ተሸፍኖ አገኘው። እሱ ብሎን ሊፈታ በሄደባት ሰዓት ሰዓዲያ ብቻዋን ዐረፈች።

ከእኩለ ቀን በፊት አስከሬኑ ወደ ቤት መጣ። ሴቶች ለማጠብ ውኃ ያሞቁ ነበር፤ ሙባረክ ከራስጌዋ ተቀምጧል። እኛ ወንዶቹ ከደጅ ቆመናል። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ የውጭውን ሰው አያውቅምና ዝም ብሏል። በአገራችን ለሐዘን ቤት አይጠራም፤ ለቀስተኛ እያለቀሰ ይገባል። ጌጤ ግን በመንገዱ መካከል መጣች። አላለቀሰችም። በማዶ አልሄደችም። ከበሩ ፊት ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ቤቶች!» አለች።

እኛ ወንዶቹ ከመንገዷ ገለል አልን።

«ቤቶች!»

በሦስተኛው ጥሪ ድምፅዋ ተሰበረ። ያን ጊዜ በሩ ተንሸራተተ። ሙባረክ ከውስጥ ወደ በሩ ቀርቦ ነበር። አፉን ከፈተ፤ ያችን አንዲት ቃል ሊመልስላት ፈለገ፤ ግን አልወጣለትም። መድረኩ ላይ ቆሞ አያት። እሱ ከፊቱ እስካለ ድረስ በሩ አይዘጋም፤ እሷም ሳይመለስላት አትገባም። ሁለቱ እንዲሁ ቆሙ። በመጨረሻ እኔ፣ ሽማግሌው፣ ከኋላዋ ሆኜ «ደጆች። ግቢ፣ ልጄ» አልሁ። መናገር የሚገባኝን ቃል በሕይወቴ አንድ ጊዜ ተናገርሁ፤ እሱንም ዘግይቼ።

በመስከረም ኮሚቴው መጣ። ዓለምነው ሦስት ሰዎች አስከትሎ ከደጁ ሲደርስ ያገኘው የዋንዛውን በር ነው። ሙባረክ መልሶ ገጥሞታል። «የፈጠራ ሥራው የት አለ?» ቢለው፣ «አይሠራም» አለው። «ምኑ ተበላሸ?» ሲለው ወደ ሱቁ ገባ። ማመልከቻውን መልሰው ለእኔ ሰጡኝ። ከሙባረክ ስም ቀጥሎ የአባቱ ስም በጥሩ ጽሕፈት ተጽፎበታል።

ሰዎች ዛሬ እንደ ዱሮው በዚያ ደጅ ያልፋሉ። ጌጤም ጧት ጧት ወደ ገበያ ስትወርድ ከዋንዛው በር ፊት ትቆምና «ቤቶች!» ትላለች። ሙባረክ ከሱቁ ውስጥ ሆኖ መዶሻውን አንድ ጊዜ ብረቱ ላይ ያሳርፋል። ያን ስትሰማ ቅርጫቷን አስተካክላ መንገዷን ትቀጥላለች።